ጉድፍ ሁለት ጊዜ አይነገርም

ያን ቀን ጠዋት ባለቤቴ ወንድይፍራው ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። ውሃ አሞቀ፣ ጢሙን ተላጨ፣ እንደ ልማዱም ከግራ ጆሮው ሥር ጥቂት ፀጉር ረስቶ ወጣ። ቂንጬ ሠርቼ በላን። ጨው በዝቶበት ነበር፤ እሱ አልነገረኝም፣ እኔም ቀምሼ ስላወቅሁት አልጠየቅሁትም። እሱ የመስኮት መስታወት ገጣሚ ነው፤ እኔ በከተማው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የአገራችንን ስም በካርታ ላይ መጻፍ ልማድ ስላልሆነ እዚህም አልጽፈውም።

የሁለታችንም ሥራ ዳገቱ ራስ ላይ ስለ ነበረ አብረን እንወጣ ነበር። እኩሌታው ላይ፣ የድንጋዩ አጥር ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ቆይ እስቲ ልይሽ» አለኝ።

ይህን በየጠዋቱ ይለኛል። ቆምኩለት፤ የነጠላዬን ጫፍ ወደ ኋላ መለስኩ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱ ትንሽ ገርጥቶ፣ አፉን ከፈት አድርጎ እየተነፈሰ አየኝ። በትዳር ይህን ያህል ኖሮ ሚስቱን ሲያይ ትንፋሽ የሚያጥረው ወንድ በከተማው ውስጥ ሌላ አለመኖሩን አውቅ ነበር። ይህንንም ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ እንዳይወሰድብኝ የምደብቀው ነገር ነበር።

«በቃ፣ እንሂድ» አለ ትንሽ ቆይቶ።

ዳገቱ ራስ ላይ ተለያየን። ከምሳ በፊት ክፍል ውስጥ ሳለሁ መጥተው ጠሩኝ። ወንድይፍራው የያዘውን መስታወት በጥንቃቄ ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ መሰላሉ ሥር ቁጭ ብሎ አልተነሣም። መስታወቱ አለመሰበሩን ያላደነቀ ሰው አልነበረም።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አጥር ተጋሪያችን እትዬ አሰገደች ነበሩ። ሲያለቅሱ ከልባቸው ነው፣ ሲናገሩም ከልባቸው ነው።

«አይዞሽ ትርሲት፣ አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። «እንኳንም ይህን ያህል አቆየልሽ። እንደዚያ ለተነገረለት ሰውማ ብዙ ኖረ።»

«ምን ተነገረለት?»

«በአዳራሹ የተነገረውን ነዋ።»

«በአዳራሹ ምን ተነገረ?»

እትዬ አሰገደች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከወዲያ በኩል ያሉት ሴቶች ማልቀሳቸውን አቁመው ወደ እኛ ዞሩ።

«ወይ ጉዴ!» አሉ እትዬ አሰገደች። «እውነትም አልሰማሽም ነበር እንዴ? እኛ እኮ እያወቅሽ የምትችይው ይመስለን ነበር።»

ለማያውቅ አንባቢ የአዳራሹን ነገር ማስረዳት አለብኝ። ድሮ በከተማችን ትዳር ቶሎ ቶሎ ይፈርስ ነበር አሉ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ምክንያቱን መረመሩ። የደረሱበትም ባልና ሚስት የሚጣሉት አንዱ የሌላውን ጉድፍ ስለሚሰማ ነው የሚል ነበር። ጉድፍን መቀነስ አስቸጋሪ ሆኖ ስላገኙት መስማትን ለመቀነስ ወሰኑ። ስለዚህ በእኛ አገር እንዲጋባ የሚፈቀድለት የነሆለለ ሰው ብቻ ነው። ነሁላላ ማለት ስለሚወደው ሰው ጉድፍ በግልጽ ሲነገረው ጆሮው የማይቀበል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለትዳር ብቁ ነው። የሚሰማው ደግሞ ሰሚ ይባላል፤ ሰሚ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ሁለቱ ተጋቢዎች አዳራሹ በር ላይ ጆሯቸውን በመንግሥት ጆሮ አጣቢ ይታጠባሉ፤ ኋላ ላይ ኩክ ነበረብኝ የሚል ሰው እንዳይመጣ ነው። አንድ ጊዜ ከልደቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ሰው ልጋባ ብሎ መጥቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ደንቆሮነቱ ለሚያገባት ሴት ሲል የመጣ ስላልሆነ አይቆጠርም ብለው መለሱት። ከታጠቡ በኋላ ተጋቢዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ጉድፍ ነጋሪው በመካከላቸው ይቆምና ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከጠላት የለቀመውን ሁሉ በቃሉ፣ ጮክ ብሎ ይናገራል። ብዙውን ጊዜ ብዙ የምታዋጣው እናት ናት። ፊት ተመልካቾች የሚባሉት ባለሥልጣኖች ደግሞ ጎንበስ ብለው የተጋቢዎቹን ቅንድብና ጉንጭ ያያሉ። ቅንድብ ከተነቃነቀ «ሰማ!» ወይም «ሰማች!» ብለው ይጮኻሉ፤ ጥንዶቹም በተለያየ በር ይወጣሉ። ካልተነቃነቀ እዚያው ይጋባሉ። ሕዝቡ ቆሎ ይዞ መጥቶ ያዳምጣል። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ተነገረው ነገር ለባልም ሆነ ለሚስት መድገም ክልክል ነው። ሕጉ «ጉድፍ ሁለት ጊዜ አይነገርም» ይላል።

እኔ ከዚያ ቀን የማስታውሰው የወንድይፍራውን ሸሚዝ ነው። የአንገቱ ቁልፍ በቀይ ክር ተሰፍቶ ነበር፤ ሌሎቹ በነጭ። ያን ቀይ ክር ሳይ ራሱ እንደ ሰፋው ገባኝና እነዚያን ጣቶች ወደድኳቸው። የጉድፍ ነጋሪው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታየኝ ነበር። ድምፅ ግን አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ ጸጥ ያለ ሰዓት አላውቅም። የወንድይፍራውም ፊት ጸጥ ያለ ነበር፤ እሱም እንደ እኔ ምንም እንዳልሰማ አልተጠራጠርኩም። ተጋባን።

የነሆለለ ሰው ጆሮ እስከ መጨረሻው አይደፈንም። ለብዙው ሰው ጥቂት ቆይቶ ይከፈታል። ያን ጊዜ ሰዎች «ለምን አልተነገረኝም?» እያሉ ስለሚመጡ ከተማው የአቤቱታ ቤት ከፍቷል። ተዝካሩን አውጥቼ እንደ ጨረስኩ መጀመሪያ የሄድኩት ወደዚያ ነው። መስኮቱ ውስጥ አንዲት ሹራብ የምትሠራ ሴት ተቀምጣለች።

«ባለቤቴ ሞቷል» አልኳት። «በአዳራሹ ስለ እሱ የተነገረኝን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ተነግሮሻል» አለችኝ።

«መነገሩንማ አወቅሁ። ምን እንደ ተነገረኝ ነው የምጠይቀው።»

«ተነግሮሻል አልኩሽ እኮ፣ እህቴ። ሰልፉን አትያዢ።»

ከኋላዬ የቆመ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «እቴ፣ አንድ ጊዜ አሳልፊኝ። ሚስቴ ታንኮራፋለች።» ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። «ታንኮራፋለች!»

«ተነግሮሃል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ልቡ ቀለል ብሎት ነበር የሚራመደው።

እኔ አልቀለለኝም። በሰፈሩ ውስጥ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ሕጉን ይጠቅሳል። ከአፋቸው ባይወጣም ከሥራቸው ወጣ። ርእሰ መምህራችን ወንድይፍራውን ለምድር ቤቱ መስኮቶች እንጂ ለፎቁ ጠርቶት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ልብ አልኩ። ዕድሩ ድንኳን ሲተክል ካስማ እንዲመታ አይሰጡትም ነበር፤ ገመድ ያስይዙታል። የጋዝ ሻጩ ጀሪካናችንን ራሱ ተሸክሞ እስከ በራችን የሚያመጣልን ስለሚወደን ይመስለኝ ነበር። ከተማው በሙሉ አንድ ነገር እያወቀ ኑሮውን በዚያ ልክ አስተካክሏል። ያላወቀው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ብቻ ነው።

በመጨረሻ ወደ ጋሽ ልሳነወርቅ ቤት ወረድኩ። ሲያጋቡን ጉድፍ ነጋሪው እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወንዙ ዳር ጎመን ያለማሉ፣ ዶሮ ያረባሉ። ሚስት አላገቡም፤ ሥራቸው ጆሯቸውን እንዳበላሸባቸው ይናገራሉ።

«ጉድፍ ሁለት ጊዜ አይነገርም፣ ልጄ» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «የመጣሽበት ገብቶኛል።»

«ሕጉ የሚለው ለባል ወይም ለሚስት አይነገርም ነው።»

«ነው።»

«እኔ አሁን ሚስት አይደለሁም፣ ጋሼ።»

የያዙትን መኮትኮቻ መሬት ላይ አስቀመጡ። አሰቡ። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። «እሱን ማንም አላሰበውም። ተቀመጪ፣ ተቀመጪ።»

እሳቸው ግን ተነሡ። ልብሳቸውን አራገፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በአዳራሹ ድምፅ ጀመሩ። ዶሮዎቹ ተበተኑ።

«ወንድይፍራው የተባለው ይህ ሰው፣ ቃል ይሰጣል፣ ይረሳል። ከድስት ውስጥ በጣቱ ይቀምሳል። ሲናደድ ይስቃል፤ ይህ ሰውን ያናድዳል። እኅቱን አኩርፎ ለቅሶዋ ላይ አልቆመም። ልቡ ከልጅነቱ ጀምሮ ታማሚ ነው፤ ሐኪም አይድንም ብሎታል። ዳገት መካከል ላይ ይደክመዋል፣ ይገረጣል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ማረፉን ሰው እንዳያውቅበትም ምክንያት ይፈጥራል። የምታገባው ሴት ሳታረጅ ትቀብረዋለች።»

ቆም አሉ። «ሌላም ነበር፤ ማንኮራፋት ነው መሰለኝ።»

ጎመኑን አየሁ። አንድ መደብ ጎመን ለብዙ ጊዜ ማየት እንደሚቻል ያን ቀን አወቅሁ።

«የልቡን ነገር ሲናገሩ እኔ ምን ሆንኩ?» አልኳቸው።

«አንቺማ ፈገግ አልሽ።»

«ፈገግ አልኩ?»

«ጥርስሽ እስኪታይ! ፊት ተመልካቾቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡልሽ እኮ። ‹ትቀብረዋለች› ስል ፈገግ ያለች ሙሽራ እነሱም አይተው አያውቁ፣ እኔም አላየሁ። እውነቱን ልንገርሽ? በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኔ የእውነት ነሁላላ ያየሁት ጥቂት ነው። አብዛኛው ይሰማል። ጉንጩን ከውስጥ ነክሶ ይቀመጣል፤ ለዚህ የሚያሠለጥኑ ሰዎች አሉ። አንቺን ግን አልተጠራጠርኩሽም።»

«እሱስ?»

«እሱ ሰምቷል።»

«ፊቱ አልተነቃነቀም ነበር።»

«ፊቱ አዎ። ግን ይውጣል። ስለ አንቺ አንድ በተናገርኩ ቁጥር አንድ ይውጥ ነበር፤ ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ ከቆምኩበት ሆኜ አየዋለሁ። ተመልካቾቹ የሚያዩት ቅንድብና ጉንጭ ነው፤ ጉሮሮ ማየት ሥራቸው አይደለም። የእኔም ሥራ አይደለም። ዝም አልኩ።»

ስለ እኔ ምን እንደ ተናገሩ ጠየቅኋቸው። እንደገና ተነሥተው ቆሙ። ሁሉንም አልጽፈውም። ከተናገሩት አንዱ ይቅርታ መጠየቅ አላውቅም የሚል ነበር፤ የተጣላሁትን ሰው ራሱ መጥቶ እስኪለምነኝ ድረስ ዝም እላለሁ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ከጠብ በኋላ ከወዲያኛው ክፍል መጥቶ «ረታሽኝ» የሚለው ወንድይፍራው ነበር። እኔ ጠባዩ ይመስለኝ ነበር። ሌላው፣ ከእሱ በፊት ለአንድ ሰው ብዬ ወንዙ ዳር ተቀምጬ ሰው እያየኝ አልቅሼ እንደ ነበር ነው። ወንድይፍራው አንድም ቀን በወንዙ መንገድ ይዞኝ ሄዶ አያውቅም። ጭቃ የሚጠላ ይመስለኝ ነበር። የምሠራው ምግብ ሲነቀፍ እንደማልወድም ተነግሮ ነበር።

«አንድ ነገር ልጨምርልሽ» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ተቀምጠው። ድምፃቸው ወደ ጡረተኛ ድምፅ ተመልሶ ነበር። «ከሠርጋችሁ በኋላ እዚህ መጥቶ ነበር። እዚያው አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀመጠ።»

«ምን ፈልጎ?»

«‹ጋሼ፣ የልቤን ነገር ሰምታለች ወይ?› አለኝ። ‹ካልሰማች ልንገራት› አለኝ። ማን ሰማ፣ ማን አልሰማ ብሎ መናገር ለእኔ ክልክል ነው፤ እሱም ቢነግርሽ ሕግ መጣስ ነው። ታዲያ ምን ልበለው? ‹ፈገግ ብላለች› አልኩት። ይኼ ውሸት አይደለም።»

«አይደለም» አልኩ።

«ከዚያ ‹ሰምታ ነው ፈገግ ያለችው?› አለ። እኔ ዝም። ‹እንደምትቀብረኝ ሰምታ፣ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ? እንዲህ ያለች ሴት አለች?› አለና ተነሥቶ ቆመ። እንባው ይወርዳል፣ ይስቃል። ያን መንገድ እንዴት እንደ ወጣው አላውቅም፤ ልቡን እንኳ የረሳ ነበር የሚመስለው።» ጋሽ ልሳነወርቅ አንዲት ዶሮ ከጎመኑ አባረሩ። «እስከዚያ ቀን ድረስ ይወድሽ ነበር፣ ልጄ። ጉድፍሽን እየዋጠ ይወድሽ ነበር። የነሆለለው ያን ቀን ነው።»

ተሰናብቻቸው ወጣሁ። ጎመን ቆርጠው ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ባሌ ያገባትን ሴት አስብ ነበር። ብርቱ ሴት ናት። ሁሉን ሰምታ አንድ ቀን አላማረረችም፣ በሐዘኔታ ዓይን አላየችውም። ዳገቱ መካከል ሲደክመው እንዳያፍር ብላ፣ ሊያያት ብሎ መቆሙን ያመነች መስላ ቆማ ታሳርፈው ነበር። ነጠላዋን ወደ ኋላ መመለሷ እንኳ ጊዜ እንዲያገኝ ብላ ነበር። እንዲህ ያለች ሚስት ስላለችው ስለ ሞቱ ማውራት አላስፈለገውም፤ ማውራት ውለታዋን ማሳነስ ይሆንበት ነበር። እኔም ይችን ሴት ባገኛት ደስ ይለኝ ነበር። እሱም፣ ሚስቱን አይቶ የማይጠግበውንና በየጠዋቱ ትንፋሽ የሚያጥረውን የእኔን ባል ቢያገኘው ይገርመው ነበር። አራታችን በአንድ ቤት ኖረናል። የተዋወቅን ግን አይመስለኝም።

በሳምንቱ የከተማው ሽማግሌዎች ካባቸውን ለብሰው፣ ከሰም የተሠራ ትልቅ ጆሮ በትሪ ይዘው መጡ። የሰም ጆሮ የሚሰጠው የትዳር ጓደኛውን ጉድፍ እስከ መጨረሻው ሳይሰማ ለቀበረ ሰው ነው፤ በእኔ ዕድሜ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም። ዋናው ሽማግሌ ንግግር አደረጉ። ለወጣቶች ምሳሌ መሆኔን ተናገሩ። እትዬ አሰገደች አለቀሱ።

«ሰምቻለሁ» አልኳቸው።

«ምን አልሽ?»

«ባለፈው ሳምንት ሰምቻለሁ። ሽልማቱ አይገባኝም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ጥቂት ተንሾካሾኩ። «ከሞት በኋላ የተሰማ አይቆጠርም» አሉ ዋናው። «እንዲያውም አንቺ ገና ወጣት ነሽ። አንድ ጊዜ እንደዚያ የተደፈነ ጆሮ ሁለተኛም መደፈኑ አይቀርም። ወደ አዳራሹ ብትመለሺ ለእኛ ክብራችን ነው።»

«ደስ የሚል ሰው እኮ አለ» አሉ እትዬ አሰገደች፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ስለ እሱ የማውቀው ብዙ ነው፤ አልነግርሽም እንጂ።»

የሰሙን ጆሮ መደርደሪያው ላይ ራሳቸው አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ፀሐይ ስለሚያገኘው ጫፉ ማዘንበል ጀምሯል። ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ፤ ተማሪዎቼ ጸጥ ብለው ይሰሙኛል። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተጣልቼ እስኪለምነኝ እየጠበቅሁ ነው፤ የሚመጣ አይመስለኝም።

ከቤቱ ዕቃ የጎደለ የለም። ጉድፌን ሁሉ ሰምቶ አብሮኝ የሚኖር ሰው ግን የለም።